ቬንትሌተር የማይጠየቅበት ወር

ድሬዳዋ ላይ ብርድ ሲገባ ሰው ደስ ይለዋል። ከመጋቢት ጀምሮ ፍራሹን ግቢ አውጥቶ፣ አንሶላውን በውሃ አርሶ ሲተኛ የከረመ ሰው፣ ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ እግሩን ሰብስቦ ይነቃና «ተመስገን፣ ገላገለን» ይላል። ብርድ ልብስ ከሳጥን ይወጣል። ባጃጅ ነጂዎች ጃኬት ይደርባሉ፤ ሽማግሌዎች ከጥላው ወጥተው ፀሐይ ያለበትን ግድግዳ ይደገፋሉ።

ለስምረት ኃይለመለኮት ግን ኅዳር ሥራ የሚሞትበት ወር ነው። ስምረት ቬንትሌተር ጠጋኝ ናት። ከቀፊራ ገበያ ወደ ደቻቱ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ የሚይዝ ሱቅ አላት። በሙቀቱ ወራት የሱቁ ደጃፍ በቬንትሌተር ይሞላል፤ የቆመው፣ ከኮርኒስ የሚንጠለጠለው፣ ክንፉ የተሰበረው፣ ሞተሩ የተቃጠለው። ኅዳር ሲገባ ግን አንድም አይመጣም። የተሠሩትም ባለቤት አጥተው ግድግዳው ሥር እንደ ቆሙ ይከርማሉ።

በዚህ ዓመት ኅዳር እንደ ወትሮው ገባ። ሰማዩ አመድ የተነፋበት መሰለ። ከደቻቱ የሚነሳው ነፋስ የወንዙን ደረቅ አሸዋ እየዘገነ መንገዱን ሁሉ ያለብሰዋል፤ ቢጠርጉት ከሰዓት ተመልሶ ይመጣል። የኒሙ ዛፍ ቅጠል ደርቆ ቆርቆሮው ላይ ይንኳኳል። ፀሐይዋ ወጥታም ያልወጣች ትመስላለች፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ደግሞ የለችም።

ስምረት በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቋን ትከፍትና ትቀመጣለች። የሚሠራ ነገር ሲጠፋ የተሠራውን ትወለውላለች። የመጣላትም የቀረባትም ነገር ያለ አይመስላትም። እህል ስትበላ አፏ ውስጥ ይዞራል፤ ውሃ ስትጠጣ መጠጣቷን የምታውቀው ብርጭቆው ሲጎድል ነው።

ባሏ ይሳቅ ከሞተ ስድስት ወር ሆኖት ነበር።

ይሳቅ የምድር ባቡር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የስምረትም አባት ትኬት ቆራጭ ስለነበሩ፣ ሁለቱም የባቡር ፉጨት እየሰሙ ያደጉ የከዚራ ልጆች ናቸው። አሮጌው ባቡር ሲቆም ይሳቅ ይህችን ሱቅ ተከራየ። ስምረት መጀመሪያ የቬንትሌተር ክንፍ ልታጥብለት ነበር የመጣችው። ቀስ በቀስ ኩሽኔታ መቀየር ለመደች፤ ከዚያ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ አውጥቶ አዲስ መጠቅለል ለመደች፤ በሦስተኛው ዓመት ለትንንሾቹ ሞተሮች የእሷ ጣት ከእሱ ይሻል ጀመር። እሱ ከባድ ከባዱን፣ እሷ ቀላል ቀላሉን እየያዙ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አሥራ አምስት ዓመት ሠሩ። ብዙ አያወሩም። ሽቦ የሚጠቀልል ሰው ይቆጥራል፤ የሚቆጥር ሰው አያወራም።

አምና መጋቢት ላይ ይሳቅ ከወንበሩ ተነስቶ ፒንሳ ሊያነሳ ሲል ወደቀ። ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ በጭንቅላቱ ውስጥ እጢ አለ ተባለ። አዲስ አበባ ሲደርስ ጊዜው አልፏል አሉ። ግንቦት ስምንት ቀን ቤቱ ተኝቶ ሳለ አረፈ።

ስምረት አላለቀሰችም። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሰረቅ አድርገው ያዩዋት ነበር። የይሳቅ እህት በለጠች፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት «ይህቺ እንባዋን የት ጣለችው?» ስትል ስምረት ሰምታለች። ሰምታም ምንም አልመሰላትም። በአራተኛው ቀን ሱቋን ከፈተች። ሰው አማት፤ ግን የሚያማት ሰው ራሱ ቬንትሌተሩን ተሸክሞ ደጃፏ ቆመ። ግንቦት ነው፤ ቤት ውስጥ ሕፃን የሚበስልበት ወር ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከማለዳ እስከ ማታ ሠራች፤ የይሳቅንም የራሷንም ድርሻ ሠራች። ሁሉም «ጠንካራ ሴት» አሏት። ጠንካራ ሳትሆን ሥራ በዝቶባት ነበር። አሁን ደግሞ ኅዳር ሆነና ሥራው አለቀ።

ጎረቤቷ ቱሪያ ከሱቁ ጎን ሻሂና ሳምቡሳ ትሸጣለች። ለአሥራ አንድ ዓመት አጠገብ ለአጠገብ ኖረዋል።

«ዝጊውና ቤትሽ ግቢ አቦ» አለቻት አንድ ቀን። «በዚህ ብርድ ማን ቬንትሌተር ይዞ ይመጣልሻል?»

«ቤት ገብቼ ምን ልሥራ?»

«ተኚ።»

«ተኝቼስ?»

ቱሪያ ሻሂ ቀዳችላት። ስምረት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ መንገዱን ስታይ ቆይታ፣ ሳትጠጣው መለሰችላት።

እሑድ እሑድ ልጇ ሃሌሉያ ከአዳማ ትደውላለች። ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ገና አላገባችም።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና።»

«በላሽ?»

«በልቻለሁ።»

«ሥራ አለ?»

«ኅዳር ነው እኮ።»

«እኔ ጋ ነይ፤ ገናን አብረን እናሳልፍ።»

«እናያለን።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ስምረት ምን እንዳወሩ ልታስታውስ ትሞክርና ይጠፋባታል።

ኅዳር ሚካኤል መጣ። ማለዳ ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ሰው ሲሰግድ ሰገደች፤ ሰው ሲወጣ ወጣች። ኅዳር በሚታጠንበት በዚያ ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጁ ያነዳል። ሌላ ጊዜ ጭሱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ በብርድ ማለዳ ግን ከጣራ አያልፍም። ሰው እየሳለ፣ ዓይኑን እያሸ፣ በጭሱ ውስጥ ያልፋል። ስምረትም የሱቋን ጥግ ጠርጋ የበሰበሰ ካርቶን፣ ሞተር ውስጥ ሽቦው እንዳይነካካ የሚገባ ያረጀ ወረቀት፣ የተላጠ ሽፋን አወጣችና አነደደችው። እሳቱ እስኪጠፋ አጠገቡ ቆመች። ቱሪያ ከወዲያ ማዶ «ራቂ፣ ጭሱ ይጎዳሻል» አለቻት። ራቀች።

በማግስቱ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ከላይ ወፍራም ኮት የደረበ ስልሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ሱቁ በር ላይ ቆመ። ፂሙን ሒና ቀብቶታል። ስምረት በዓይን ታውቀው ነበር፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የመልካ ጀብዱ ገበሬ ነው፤ ሞሐሙድ ይባላል። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ይመጣና ይሳቅን ይዞት ይሄድ ነበር። የሽንኩርትና የፓፓያ አትክልተኞች ዝናቡ ሲያቆም የውሃ ፓምፕ ያስነሳሉ፤ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የከረመ ፓምፕ ደግሞ ሲነሳ ይቃጠላል። ስለዚህ ይሳቅ የብርዱን ወር እሷን ሱቅ ትቶ መልካ ጀብዱ ሲመላለስ ነበር የሚያሳልፈው።

«አሰላሙ አለይኩም። ኢስሐቅ የለም?» አለ ሞሐሙድ። የይሳቅን ስም እንዲያ ነበር የሚጠራው።

ስምረት የቬንትሌተር ክንፍ እየወለወለች ነበር። ይህን ጥያቄ በግንቦትና በሰኔ ብዙ ጊዜ መልሳዋለች። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ ሰው የቀረ አልመሰላትም ነበር።

«የለም» አለች።

«ወዴት ሄደ? ሳምንቱን ሙሉ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው።»

«አርፏል። በግንቦት።»

ይህን ያለችው ለባለ ቬንትሌተር «ካፓሲተሩ ተቃጥሏል» በምትልበት ድምፅ ነበር። ሞሐሙድ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ «ኢና ሊላሂ» ሲል ተሰማት። ከዚያ በኮቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ፤ ጠርጎም አላቆመለትም። ስምረት ሲያለቅስ ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነስታ ከቱሪያ ሻሂ አምጥታ ሰጠችው። ሐዘንተኛው እሱ፣ ለማጽናናት የመጣችው እሷ መሰሉ።

ሻሂውን ሳይጨርስ «አላህ ያጽናሽ» ብሎ ሄደ። ስለ መጣበት ጉዳይ ምንም አላነሳም።

በማግስቱ ግን ተመልሶ መጣ። አፍሮ በሩ ላይ ቆመ።

«ትናንት ከአፌ አልወጣ አለኝ፣ እህቴ። ፓምፔ ተቃጥሏል። ሽንኩርቱ ውሃ ካየ ዘጠኝ ቀኑ ነው።»

«ሞተሩን ፈትተህ አምጣልኝ።»

«ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። ብሎኑ ዝጎ አልነቃነቅ አለን። ኢስሐቅ እዚያው ወርዶ ይፈታውና፣ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ይጠቀልለው ነበር።»

«እኔ ከሱቅ ወጥቼ ሠርቼ አላውቅም። ከባድ ሞተርም የእሱ ነበር።»

«እሱ ስለ አንቺ ሲናገር፣ ጥቅለላ ከእኔ ትበልጣለች ይለን ነበር» አለ ሞሐሙድ።

ስምረት ግድግዳው ሥር የቆሙትን ቬንትሌተሮች አየች። አልሄድም የምትልበት ምክንያት ፈለገች፤ አላገኘችም። እሄዳለሁ የምትልበትም ምክንያት አላገኘችም። ግን ሰውዬው ቆሞ እየጠበቀ ነበር።

«ነገ ማለዳ» አለችው።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። መዳቡን ሽቦ፣ ወረቀቱን፣ ፒንሳና ካቻቢቴውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዛለች። መንገድ ዳር የፋብሪካ ሰርቪስ የሚጠብቁ ሴት ልጆች ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ እርስ በርስ ተጠጋግተው ቆመዋል። ከከተማው ሲወጡ ሜዳው ሁሉ አንድ መልክ ነበር፤ አፈሩም፣ ግራሩም፣ ሰማዩም። ሰው ሁሉ በብርዱ ዝም ብሏል። ረዳቱ እንኳ ሒሳብ ሲሰበስብ በእጁ ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

ሞሐሙድ መልካ ጀብዱ መናኸሪያ ጋሪ ይዞ ጠበቃት። እርሻው ቦታ ሲደርሱ ሚስቱ ኡባህ ወጣች። አማርኛ ብዙም አትችልም። የስምረትን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና «ኢስሐቅ… ኢስሐቅ…» ብላ አንገቷን ነቀነቀች። ለረጅም ጊዜም አለቀቀቻትም። ስምረት እጇን ሰጥታ ቆመች።

ጉድጓዱ ጥልቅ አልነበረም፤ መሰላል አለው። ስምረት ወረደች። ብሎኖቹ ላይ ነጭ ጋዝ አፍስሳ ለግማሽ ሰዓት ያህል ታች ተቀመጠች። ከላይ ክብ ሰማይ ይታያል፤ እሱም ነጭ ነው። ከዚያ ቁልፉን አግብታ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው፤ አንዱ ተላቀቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ሞሐሙድና የጎረቤቱ ሰው በገመድ ሞተሩን ሳቡት፤ ማንጎው ሥር ሰሌን ላይ አስቀመጡላት።

ሽፋኑን ስትከፍተው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተታት። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነባት ቋጠሮው ነው።

ይሳቅ ጥቅሉን በጥጥ ክር ሲያስር ሁለቴ ያዞርና በሦስተኛው ሥር አሳልፎ ይስበዋል። ቋጠሮዎቹ ጠፍጣፋ ሆነው፣ እንደ ጥሩ ስፌት ተራ ይዘው ይደረደራሉ። እሷም ከእሱ ነው የተማረችው። ይህኛው ግን ሌላ ነበር። አንዱ ቋጠሮ በሌላው ላይ ወጥቷል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አልታሰረም፤ ክሩ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሽቦው ሥርዓት አጥቶ እርስ በርሱ ተሻግሯል። አንድ ቦታ ወረቀቱ ተቀዷል፤ የተቃጠለውም እዚያ ነው።

«ከይሳቅ በኋላ ማን ነው የነካው?» ብላ ጠየቀችው።

«ማንም።»

«ሌላ ሠራተኛ አላመጣህም?»

«ወላሂ ማንም አልነካውም። አምና ኅዳር ኢስሐቅ ነው የጠቀለለው። እዚሁ ተቀምጦ።»

«ይሄ የእሱ እጅ አይደለም።»

ሞሐሙድ ለሚስቱ በሶማሊኛ አንድ ነገር ነገራት፤ ኡባህ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ። «ሽቦውን ይዤ የማሳልፍለት እኔ ነበርኩ። ፒንሳው ሁለቴ ወደቀበት። ሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅበት ሳቀና፣ ግራ እጄ ከእኔ ጋር ተጣልቷል አለኝ። ራሱንም ያመው ነበር። ሐኪም ዘንድ ሂድ አልኩት። ሄጃለሁ አለኝ። አንድ ነገር አይተውበታል፤ ትልቁ ምርመራ አዲስ አበባ ነው ብለውታል።»

«መቼ?»

«አምና። በዚህ በኅዳር።»

ስምረት የያዘችውን ካቻቢቴ ሰሌኑ ላይ አስቀመጠች።

«ለሚስትህ ነግረሃታል ወይ አልኩት» አለ ሞሐሙድ። «አልነገርኳትም አለኝ። ሙቀቱን ሙሉ ስትሠራ ትከርማለች፤ እንቅልፍ የምታገኘው በብርዱ ወር ብቻ ነው፤ ብርዱ ይለፍና እነግራታለሁ አለኝ። እኔ የነገረሽ መስሎኝ ነበር። እንዳልነገረሽ ባውቅ ባልተናገርኩ።»

ስምረት ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት ብላ በልቧ ቆጠረች። አራት ወር። ከዚያ አምና በእነዚያ ወራት የሆነው አንድ በአንድ መጣላት። ይሳቅ ሻሂ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዝ ነበር። «ምን ሆንክ?» ስትለው «ብርዱ ነው» ይላታል። ማለዳ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተውና «ጣቴን አደነዘዘው፣ ብርዱ ነው» እያለ እሷን ያስቆልፋታል። የካቲት ላይ ሥራ መመለስ ሲጀምር በእሱ በኩል ያሉትንም ሞተሮች ወደ እሷ እየገፋ «ዓይኔ ደክሟል» ይላታል። እሷም አምናዋለች። ኅዳር ነው፤ ብርድ ነው፤ ሁሉም ሰው እጁን ያሻል። አንድ ቀን እንዲያውም ከቀፊራ የሱፍ ካልሲ ገዝታ አምጥታለት ነበር።

የሚሰማትን ፈለገች። የደነዘዘ እግር ሲነኩት የራስ እንደማይመስል፣ እንዲያ ነበር። ይሳቅን መቆጣት ይገባት ነበር፤ ልታዝንለትም ይገባት ነበር። ሁለቱም ከሩቅ ይታዩአታል፤ አይቀርቡም። ሞሐሙድ አጠገቧ ተቀምጦ መሬቱን በእንጨት ይጭራል።

«ውሃ አምጣልኝ፤ እጄን ልታጠብ» አለችው።

ታጥባ መሮ አነሳችና የአምናውን ጥቅል ትቆርጥ ጀመር። የተቃጠለ መዳብ ሲመታ ድምፁ ደረቅ ነው። ቆርጣ ስታበቃ ሽቦውን በፒንሳ እየሳበች፣ ሽቦው የሚገባበትን ጥርስ ጥርሱን አጸዳች። ክሩም፣ ቋጠሮውም፣ ወረቀቱም አንድ ላይ ወጣ። ሁሉንም ጆንያ ውስጥ ከተተችው። ያን ቀን ከዚህ ሌላ አልሠራችም። ከመምሸቱ በፊት በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለሰች፤ ራት አልበላችም፤ ተኛች፤ ሕልምም አላየችም።

ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ጠቀለለች። ትልቁ ሞተር እንደ ቬንትሌተር አይደለም፤ ሽቦው ወፍራም ነው፤ ጣት ይቆርጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ስትቆጥር ነፋሱ የማንጎውን ቅጠል ያረግፈዋል። ኡባህ በየሰዓቱ ሻሂ እያመጣች አጠገቧ ታስቀምጣለች። ሞሐሙድ ሽቦውን ልያዝልሽ ቢላት አልፈለገችም። ማምሻውን ቫርኒሽ አፍስሳ፣ ፀሐይዋ ስለማትበቃ ዙሪያውን ከሰል አስነድዳ አደረቀችው።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ጉድጓድ ገባ። ስምረት ማብሪያውን ጫነችው። አንዴ አጉረመረመና ድምፁ ተስተካከለ። ከቱቦው መጀመሪያ ዝገት፣ ቀጥሎ ድፍርስ፣ በመጨረሻ ጥሩ ውሃ መጣ። ቦዩን ይዞ ወደ ሽንኩርቱ ሄደ። ጫፉ ቢጫ ሆኗል፤ ሥሩ ግን አልሞተም። ሞሐሙድ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ቦዩን ለመክፈት ሽርጡን ሰበሰበ። ስምረት ውሃውን አላየችም፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የሞተሩን ድምፅ ትሰማ ነበር።

«ፓምፑን ያቃጠለው የይሳቅ ሥራ ነው» አለችው ሲመለስ። «እንድታውቀው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አምናም ሲሠራ አይቼው አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ዘንድሮ ለምን እሱን ፈለግህ?»

«ሌላ ማንን ልፈልግ?» አለ ሞሐሙድ።

ከተማ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሰው ጫት ላይ የሚቀመጥበት የበርጫው ሰዓት ነው፤ ሱቆቹ ገርበብ ብለዋል፤ መንገዱ ላይ የሚሄደው አቧራው ብቻ ነው። ቱሪያ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ስምረት ከረጢቷን ሳታወርድ ፊቷ ቆመች።

«ስለ ይሳቅ እጅ ታውቂ ነበር?»

የቱሪያ እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ሁለት ብርጭቆ ከእጁ ወድቆ ተሰብሯል እዚህ» አለች ቱሪያ ቀና ሳትል። «ምንድነው ብዬ ያዝኩት። እንዳትነግሪያት አለኝ። አስማለኝ።»

«በምን?»

«በልጆቼ።»

ስምረት «እሺ» አለችና ሱቋን ከፈተች።

ሦስት ቀን ከቱሪያ ሻሂ አልወሰደችም። ተቆጥታ አልነበረም። መቆጣትን ሞክራዋለች፤ ማለዳ ስትነቃ «ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ከእኔ በቀር» ብላ ለራሷ ትነግራለች፤ ቃሉ ቃል ሆኖ ይቀራል። ዝም ብላ ብቻ ሻሂ መጠየቅ ተወች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተቀምጠው መንገድ ያያሉ። በአራተኛው ቀን ቱሪያ ብርጭቆ ይዛ ገባችና ጠረጴዛው ላይ፣ ይሳቅ ይቀመጥበት በነበረው በኩል አስቀመጠችው።

«ጠጪውም አትጠጪውም እዚህ አስቀምጣለሁ» አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ደግሞ «ልነግርሽ ስንት ጊዜ ከወንበሬ ተነስቻለሁ» አለች።

«ብትነግሪኝስ ምን አደርግ ነበር?»

«እኔ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለች ስምረት።

ቱሪያ ወጣች። ሻሂው ከቀዘቀዘ በኋላ ስምረት ጠጣችው።

የሞሐሙድ ፓምፕ መሥራቱ ለጎረቤቶቹ ተሰማ። ኅዳር ከማለቁ በፊት ሦስት ገበሬዎች መጡ፤ አንዱ ሞተሩን በባጃጅ ጭኖ፣ ሁለቱ «እዚያው ነይልን» ብለው። ስምረት አንዱንም እምቢ አላለችም። ማክሰኞና ሐሙስ መልካ ጀብዱ ትሄዳለች፤ በቀሩት ቀናት ሱቅ ትቀመጣለች። ትልልቆቹ ሞተሮች ትከሻዋን ስለሚያሟት ማታ ማታ ቅባት ትቀባለች። ሌላ ሁለት ፓምፕ ውስጥ የይሳቅን ሥራ አግኝታለች፤ የቆዩ ናቸው፤ ቋጠሮአቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ምንም አልሆኑም። ኩሽኔታቸውን ብቻ ቀይራ መልሳ ከደነቻቸው።

የባሏ እህት በለጠች አንድ ቀን ቀፊራ በርበሬ ልትገዛ መጥታ ሱቁን ጎበኘች። ስምረትን በጥቁር ልብሷ ላይ ቱታ ደርባ፣ ክንዷ ድረስ ቅባት ሆና አገኘቻት። ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። የያዘችውን በርበሬ ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ ትታላት ሄደች።

የኅዳር የመጨረሻው እሑድ ሃሌሉያ ደወለች። ስምረት ግቢዋ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የመጣችው ፀሐይ ሳትሄድባት እግሯን ዘርግታ ነበር።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና።»

«በላሽ?»

«አባትሽ ያውቅ ነበር» አለች ስምረት።

«ምኑን?»

«ሕመሙን። ከአምና ኅዳር ጀምሮ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነግረውት ነበር። የመልካ ጀብዱ ገበሬ ያውቅ ነበር፤ ቱሪያ ታውቅ ነበር። ለእኔ ብርዱ ነው ይለኝ ነበር።»

ሃሌሉያ «ታኅሣሥ ላይ ስመጣ… አቅፎኝ እጁ ጀርባዬ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች። «በርዶህ ነው አባዬ አልኩት። አዎ አለኝ።»

ከዚያ አለቀሰች። መጀመሪያ ትንፋሿን ይዛ፣ ኋላ ያዝ ሳታደርገው። ስምረት ስልኩን ከጆሮዋ አላራቀችም። «ተይ» አላለቻትም፤ «አይዞሽ» አላለቻትም። የልጇን ለቅሶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው። በቀብሩ ቀን ሴቶቹ ሲያለቅሱ እንዲህ አልሰማችም ነበር። ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ስልኩን ግን በሁለት እጇ ይዛው ነበር።

ሃሌሉያ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ።

«እማዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።» እግሯን ሰበሰበችና «ለገና አልመጣም» አለቻት። «ሁለት ፓምፕ ይዣለሁ። አንቺ ነይ።»

«እሺ» አለች ሃሌሉያ። «እመጣለሁ።»

«ወፍራም ልብስ ያዢ» አለች ስምረት። «ዘንድሮ ከአምናው ይበርዳል።»